ለቤት ኮምፒውተር ፋይሎች የትኛው የኢንተርኔት መጠባበቂያ ይሻላል?

የሳሪሱ ተርጓሚ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

እንደምን አመሻችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ቤታችን ውስጥ አንድ የጠረጴዛ ኮምፒውተርና የፋይሎቹን ቅጂ የምናስቀምጥበት አንድ ኤክስተርናል ዲስክ ነበረን፤ ሁለቱም የሚውሉት የሚያድሩት አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው። ባለፈው ወር ዲስኩ በተሰካ ቁጥር እንደ ግድግዳ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ፤ በሦስተኛው ቀን ኮምፒውተሩ ጭራሹን አላውቀውም አለ። ጥገና ቤት ስወስደው የማንበቢያው ጭንቅላት እንደተበላሸና ከፍቶ መሞከሩ ራሱ የቀረውን ሊያጠፋው እንደሚችል ተነገረኝ። ደግነቱ ዋናዎቹ ፋይሎች ኮምፒውተሩ ላይ አሉ። ይሁን እንጂ ያ ኮምፒውተር ነገ ቢቃጠል ወይም ሌባ ቢወስደው የሚተርፈኝ አንድም ነገር የለም።

በአጠቃላይ 410 ጊጋባይት ያህል ነው። ከካሴት ወደ ኮምፒውተር ያስገለበጥናቸው የሠርግና የክርስትና ቪዲዮዎች፣ የልጆቹ ፎቶዎች፣ የራሴ የትርጉም ሥራዎች፣ እንዲሁም አባቴ ከማረፉ በፊት ስለ ትውልድ መንደሩ የጻፋቸው ማስታወሻዎች አሉበት። ቤት ውስጥ የፋይበር ኢንተርኔት አለን። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ የለኝም፤ ነገር ግን ሜሪላንድ ያለችው እኅቴ እንደምትከፍልልኝ ነግራኛለች። ጉግል ድራይቭ፣ ድሮፕቦክስ፣ ባክብሌዝ፣ አይድራይቭ የሚሉ ስሞችን ሰምቻለሁ። የትኛውን ልምረጥ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15

እኔ ለዓመታት የምጠቀመው ባክብሌዝን ነው፤ ብዙ ማሰብ ለማይፈልግ ሰው ከእርሱ የሚቀል አላየሁም። ይጫናል፣ ይረሳል፣ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር አዲሱን ፋይል እየፈለገ ይልካል። ዋጋው ሲጀምር በወር 5 ዶላር ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ 9 ዶላር ሆኗል፣ ለዓመት በአንድ ጊዜ ለሚከፍል ደግሞ 99 ዶላር ነው። ክፍያው ለአንድ ኮምፒውተር ሲሆን የፋይሉ መጠን አይገደብም። አደጋ ሲደርስ በኢንተርኔት ማውረድ ለሚቸገር ሰው ፋይሎቹን በዲስክ ላይ አድርጎ በፖስታ ይልካል። እኅትዎ በእርስዎ ስም ትክፈልና ነገሩ ይለቅ።

ኔትወርክ ሠራተኛ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

ከእኔ በፊት የጻፉት ወዳጃችን የሰጡት ምክር ለአሜሪካዋ ሲልቨር ስፕሪንግ ትክክል ነው። ለሳሪስ ግን መጀመሪያ አንድ ቁጥር መታወቅ አለበት፤ እርሱም ፋይል የሚወጣበት ፍጥነት ነው። ፓኬጁ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የማውረጃው ሲሆን መጠባበቂያ የሚጠቀመው ደግሞ የመላኪያውን ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ የፍጥነት መለኪያ ገጽ ከፍተው ሁለተኛውን ቁጥር ያንብቡና ይንገሩን።

ሌላው ነገር፣ የጠቀሷቸው አራት አገልግሎቶች የአንድ ዓይነት ነገር ስሞች አይደሉም። ጉግል ድራይቭና ድሮፕቦክስ በመሠረቱ የሚያመሳስሉ ናቸው፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሆነው ሁሉ እዚያም ይሆናል፣ መጥፋቱም ጭምር። ባክብሌዝና አይድራይቭ ግን የተሠሩት ቅጂ ለማስቀመጥ ነው። ልዩነቱ እስኪደርስ ድረስ አይታይም። እኔ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ፦ «ጥምቀት 2011» የሚል የፎቶ ፎልደር ነበረኝና ልጄ ስልኩ ሞልቶበት ቦታ ለማስለቀቅ ከስልኩ ላይ ሰረዘው። ስልኩና ኮምፒውተሩ በአንድ አገልግሎት ይመሳሰሉ ስለነበር ከኮምፒውተሩም አብሮ ጠፋ። ነገሩን ያወቅሁት ከሦስት ወር በኋላ፣ ለእናቴ አንድ ፎቶ ላሳትም ስፈልግ ነው። የቆሻሻ ቅርጫቱ የሚያቆየው 30 ቀን ብቻ ነበር። ማንም አልበደለኝም፣ አገልግሎቱ የታዘዘውን ነው የፈጸመው።

ስለዚህ ከዋጋ በፊት መጠየቅ ያለበት «የሰረዝኩት ፋይል ስንት ቀን ይቆይልኛል?» የሚለው ነው። ባክብሌዝ ላይ በነባሪ 30 ቀን ነው፤ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ወደ አንድ ዓመት ማሳደግ ይቻላል፣ ነገር ግን ምርጫውን ራስዎ ገብተው መለወጥ አለብዎት።

መርካቶ ኮምፒውተር — ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ይህን ሁሉ ዶላር ለምን ታወጣላችሁ? ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ የምትልኩት ክፍል አለ፤ የፈለጋችሁትን ያህል ትጭናላችሁ፣ በነጻ ነው። እኔ የደንበኞቼን ፋይል ሁሉ እዚያ ነው የማስቀምጠው።

ኔትወርክ ሠራተኛ — ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡10

ወንድሜ፣ ብዙዎቻችን እንዲህ እንደምናደርግ አውቃለሁ፤ ለአንድ ደብዳቤ ወይም ለአንድ ደረሰኝ እኔም አደርገዋለሁ። ለቤተሰብ ማህደር ግን አይሆንም። ፎቶ በፎቶነቱ ሲላክ ቴሌግራም ያሳንሰዋል፣ የተነሣበትን ቀንና ቦታ የያዘውንም መረጃ ያራግፈዋል፤ እንዳለ የሚቀመጠው «በፋይል» ሲላክ ብቻ ነው። አንድ ፋይል በነጻው አካውንት ከ2 ጊጋባይት መብለጥ አይችልም፣ የካሴት ቪዲዮ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ይበልጣል። የፎልደር አደረጃጀት የለም፤ አራት ሺህ ፎቶ በአንድ ረጅም መስመር ተሰልፎ ይቀመጣል። አካውንቱ የሚቆመው በስልክ ቁጥር ላይ ነው፤ ሲሙ ጠፍቶ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ቢሰጥ ምን እንደሚሆን ያስቡት። ተራዎቹ ንግግሮችም፣ ለራስ የተላከውን ጨምሮ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠሩ (ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም፣ ኩባንያውም ጭምር፣ የማያነባቸው) አይደሉም። የደንበኞችዎ ፋይል ከሆነ ደግሞ ባለቤቶቹን መጠየቅ ያለብዎት ይመስለኛል።

የሳሪሱ ተርጓሚ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡50

ለካሁት። ማውረጃው 20 ሜጋቢት፣ መላኪያው 4 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። ፋይሎቹንም ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይነት በዓይነታቸው ለየኋቸው፦ ቪዲዮ 260 ጊጋባይት፣ ፎቶ 95 ጊጋባይት፣ የጽሑፍ ሰነድ 3 ጊጋባይት። የቀረው 52 ጊጋባይት ልጆቹ ያወረዷቸው ፊልሞችና የፕሮግራም መጫኛዎች ነው፤ እርሱ ቢጠፋ ማንም አያለቅስም።

ኔትወርክ ሠራተኛ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡20

መለየትዎ ከሁሉም የሚበልጥ ሥራ ነው። ሂሳቡን እንሥራ። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 358 ጊጋባይት ማለት 2,864,000 ሜጋቢት ያህል ነው፤ ለ4 ሲካፈል 716,000 ሰከንድ፣ ማለትም ከ8 ቀን በላይ ያለማቋረጥ ይሆናል። ሌሊት ሌሊት ብቻ ለ8 ሰዓት ቢልኩ 25 ሌሊት ይፈጃል፤ መብራት የሚጠፋባቸውና መስመሩ የሚዳከምባቸው ሌሊቶች ሲታከሉበት ሁለት ወር በሉት። የማይቻል ነገር አይደለም፤ ፕሮግራሙ ካቆመበት የሚቀጥል ዓይነት መሆን አለበት እንጂ። ኮምፒውተሩም በራሱ እንዳያንቀላፋ ቅንብሩን ይለውጡ፤ ብዙ ሰው «አልሠራልኝም» የሚለው ኮምፒውተሩ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እየተኛበት ነው። ሰነዶቹና ፎቶዎቹ ብቻቸውን ከሆኑ ግን 98 ጊጋባይት ናቸው፤ በሰባት ሌሊት ያልቃሉ። እኔ ብሆን እነርሱን አስቀድሜ በእነዚያም ውስጥ 3ቱን ጊጋባይት ዛሬ ማታውኑ እልካለሁ።

የዱባይዋ — ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡25

ለ260 ጊጋባይቱ ቪዲዮ ሌላ መንገድ አለ፤ አዲስ ዲስክ ላይ ገልብጠው ወደ አሜሪካ ለሚሄድ ሰው ቢሰጡት እኅትዎ በእርሷ ኢንተርኔት በአንድ ሌሊት ልትጭነው ትችላለች። ሆኖም እዚህ ላይ እኔ የወደቅሁበት ጉድጓድ አለና ተጠንቀቁ። እኔም የአዲስ አበባውን የቤተሰቤን ዲስክ አስመጥቼ ከራሴ ላፕቶፕ ጋር ሰካሁት፤ ገደብ የሌለው የኮምፒውተር መጠባበቂያ ነበረኝና ሁሉንም አነሣልኝ። ደስ ብሎኝ ዲስኩን ነቅዬ ለወንድሜ መልሼ ላክሁት። በሁለተኛው ወር አንድ ቪዲዮ ላወርድ ስገባ ፎልደሩ የለም። ውሉን ባነበው ኖሮ ተጽፎ ነበር፤ ዲስኩ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ተመልሶ ካልተሰካ እንደተሰረዘ ይቆጠራል፤ ጊዜው ሲያልፍ ቅጂው ይጠፋል።

ይህ የአንድ ኩባንያ ተንኮል እንዳይመስላችሁ። ገደብ የለሽ የሚባሉት አገልግሎቶች በዚያ ዋጋ መኖር የሚችሉት «ኮምፒውተርህ ላይ ያለውን እናንጸባርቃለን» እንጂ «የሰጠኸንን ለዘላለም እናኖራለን» ስለማይሉ ነው። ማከማቻ ሌላ፣ መጠባበቂያ ሌላ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡05

ይህን አላውቅም ነበር። አሁን ገብቼ አየሁ፤ የእኔም 30 ቀን ላይ ነበር፣ ወደ አንድ ዓመት ለወጥሁት። ዓመቱን ሙሉ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ዲስክ አለኝ፤ ተጠብቋል ብዬ ነበር የማስበው።

ጡረተኛው መሐንዲስ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡40

ገደብ የለሽ የሚለው ቃል ከተነሣ እኔም አንድ ነገር ልጨምር። ማይክሮሶፍት በዋንድራይቭ ላይ የሰጠውን ገደብ የለሽ ቦታ እ.ኤ.አ. በ2015 አነሣ። አማዞን በ2017 ተመሳሳይ ነገር አደረገ፤ በ2023 መጨረሻ ደግሞ አማዞን ድራይቭን ራሱን ዘጋው። ክራሽፕላን የሚባለው የመጠባበቂያ አገልግሎት የቤት ደንበኞቹን እንደሚያሰናብት በኦገስት 2017 አስታወቀና በኦክቶበር 2018 አገልግሎቱን አቆመ። ጉግል ፎቶ በነጻ ያለ ገደብ መቀበሉን ያቆመው ከጁን 1 ቀን 2021 ጀምሮ ነው። ማንኛቸውም ቢሆኑ በድንገት አልጠፉም፤ ማስታወቂያ ሰጥተዋል፣ ጊዜም ሰጥተዋል። ጥያቄው ያ ማስታወቂያ ወደ የትኛው ኢሜይል ይመጣል የሚለው ነው። እኅትዎ በእርሷ ኢሜይል ከፍታ ካርዷ ጊዜው ቢያልፍበትና ማሳሰቢያው ከገበያ ማስታወቂያ መካከል ቢቀበር፣ ሳሪስ ያለው ሰው በምን ያውቃል? አካውንቱ በእርስዎ ኢሜይል ይከፈት፣ ካርዱ ብቻ የእርሷ ይሁን።

የእኔ ምክር ከሁላችሁም አጭር ነው። ለሰነድና ለፎቶ ከጉግል ቦታ ይግዙ፤ በአሜሪካ ዋጋ 100 ጊጋባይት በወር 1.99 ዶላር፣ 200 ጊጋባይት 2.99 ዶላር ነው። ያለዎት 98 ጊጋባይት ስለሆነና ኢሜይሉም ከዚያው ቦታ ስለሚቆረጥ 200ውን ይውሰዱ። ቪዲዮውን ደግሞ በሁለት ዲስክ ገልብጠው አንዱን ሌላ ሰፈር ዘመድ ቤት ያስቀምጡ።

ኔትወርክ ሠራተኛ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡30

ጋሼ፣ በዲስኩ ሐሳብ እስማማለሁ። በጉግሉ ላይ ግን ፎቶዎቹ በፎልደር ማመሳሰል የሚቀመጡ ከሆነ «ጥምቀት 2011» ተመልሶ ይመጣል።

ትንሽ ለመልፋት ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ማከማቻውን ከአንዱ፣ ፕሮግራሙን ከሌላው መውሰድ። የባክብሌዝ ሌላኛው አገልግሎት ቢ2 ይባላል፤ የሚያስከፍለው በመጠን ነው፣ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 በወጣው ዋጋ በወር ለአንድ ቴራባይት (1,000 ጊጋባይት) 6 ዶላር። በዚያ ዋጋ 358 ጊጋባይት ማለት በወር 2 ዶላር ከ15 ሳንቲም ያህል ነው። ያስቀመጡት እስካልሰረዙት ድረስ ይቀመጣል፤ ዲስክ ተሰካ አልተሰካ አይጠይቅም። ካስቀመጡት እስከ ሦስት እጥፍ የሚደርስ መጠን በየወሩ ያለ ክፍያ ማውረድ ይቻላል። ከላዩ ሬስቲክ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ይጭኑበታል፤ ፋይሉን ከቤት ሳይወጣ ይመሰጥረዋል፣ የተለወጠውን ክፍል ብቻ ይልካል፣ የቆዩ ቅጂዎችን እርስዎ በወሰኑት ልክ ያቆያል። የእህትዎ ነገር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ የሬስቲክን ማከማቻ እዚሁ ዲስክ ላይ ይሠሩታል፣ ዲስኩ ተመስጥሮ ይሄዳል፣ እርሷ እንዳለ ወደ ቢ2 ትጭነዋለች፣ ከዚያ በኋላ እርስዎ ከሳሪስ አዳዲሱን ብቻ ትጨምራላችሁ። መንገደኛው ዲስኩን ቢጥለው እንኳ አንሥቶ የሚያነበው ሰው አይኖርም።

ጉዳቱ ሬስቲክ በትእዛዝ መስመር የሚሠራ መሆኑ ነው፤ የሚጫን አዝራር የለውም። የይለፍ ቃሉ ከጠፋም ሁሉም ነገር ጠፋ ማለት ነው፤ የሚያስታውስልዎ ኩባንያ የለም።

ጡረተኛው መሐንዲስ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡00

እኔ የምፈራው ይህንኑ ነው። ሰውየው ዛሬ ያውቀዋል፤ ነገ አንድ ነገር ቢሆን ልጆቹ ጥቁር መስኮት ላይ ምን ብለው ሊጽፉ ነው? ቤተሰብ ሊከፍተው የማይችል ማህደር ለእኔ ግማሹ እንደጠፋ ነው።

ኔትወርክ ሠራተኛ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡15

ልክ ነዎት፤ ለዚህ መልሴ ወረቀት ነው። አንድ ገጽ ላይ የይለፍ ቃሉን፣ የአካውንቱን ኢሜይልና ፋይል የሚመልሱትን ሁለት ትእዛዞች በእጅ ጽፎ አንዱን ቅጂ እኅት ጋ፣ ሌላውን ከቤቱ ካርታ ጋር ማስቀመጥ። ወረቀቱ ግን ተሞክሮ እንጂ ተጽፎ ብቻ መቀመጥ የለበትም።

ፊደል ለቃሚ — ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ስለ አባትዎ ማስታወሻዎች ማንም ስላልጠየቀ እኔ ልጠይቅ፤ በምን ፕሮግራም ነበር የተጻፉት? ለረጅም ጊዜ ማተሚያ ቤት ሠርቻለሁና ይህ ነገር ደጋግሞ ገጥሞኛል። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የዓለምን ፊደላት ወደሚያውቁበት የጋራ ሥርዓት) የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት አብዛኛው ሰው የሚጽፈው በቀድሞዎቹ የቪዥዋል ግዕዝና የመሳሰሉት ፊደላት ነበር። እንዲህ ያለ ሰነድ ውስጥ በእውነቱ የተቀመጠው የላቲን ምልክት ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነው ፎንት ነው። ፎንቱ ከሌለ ሰነዱ ሳይበላሽ ይመለሳል፣ ሲከፈት ግን ቀለም የፈሰሰበት የጸሎት መጽሐፍ ይመስላል። ፎንት የሚቀመጠው ደግሞ በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ነው፤ የኮምፒውተር መጠባበቂያ አገልግሎቶች ያንን ፎልደር ብዙ ጊዜ ሆን ብለው ይዘሉታል፣ የሥርዓቱ እንጂ የእርስዎ አይደለምና። ስለዚህ የፎንቱን ፋይል ገልብጠው ከሰነዶቹ ጎን ያስቀምጡት። ከተቻለም ሰነዱን በፒዲኤፍ አውጥተው አብረው ያኑሩት።

ሌላም ትንሽ ነገር። የፋይል ስምን በባይት በሚቆጥሩ ሥርዓቶች ላይ እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ስለሚወስድ ረጅም የአማርኛ ፋይል ስም ከምንገምተው በፊት ከወሰኑ ይደርሳል፤ የፋይል ስምን አንድ በአንድ የሚመሰጥሩ ፕሮግራሞች ደግሞ ስሙን ይበልጥ ያስረዝሙታል። «የአያታችን የሰባኛ ዓመት የልደት በዓል በደብረ ብርሃን የተነሡት ፎቶዎች» ዓይነት ስም ካለ ቢያሳጥሩት ይሻላል። ሬስቲክ ስሞቹን በጥቅሉ ውስጥ ስለሚይዝ ከመመስጠር የሚመጣው መርዘም እርሱን አያገኘውም።

የሳሪሱ ተርጓሚ — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡30

ፊደል ለቃሚ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ከፍቼ አየሁት፤ በእርግጥም በቪዥዋል ግዕዝ ነው የተጻፈው፣ የሚነበበውም ፎንቱ እዚህ ስላለ ብቻ ነው። ፎንቱን ገልብጬ «የአባዬ» የሚለው ፎልደር ውስጥ አስገባሁት። የሰነዶቹንም ፒዲኤፍ ዛሬ ማውጣት ጀመርሁ፤ አርባ አንድ ናቸው።

ውሳኔዬ ይህ ነው። ሬስቲክንና ቢ2ን እሞክራለሁ፤ አካውንቱ በእኔ ኢሜይል፣ ካርዱ የእኅቴ። ሰነዶቹንና ፎቶዎቹን ከዚህ እልካለሁ። ቪዲዮዎቹ በዲስክ ይሄዳሉ፤ የአክስቴ ልጅ በወሩ መጨረሻ ትሄዳለች። ሌላ ዲስክ ደግሞ በጋሼ ምክር መሠረት ኮተቤ ያለው አጎቴ ቤት ይቀመጣል።

የሳሪሱ ተርጓሚ — ከሰባት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ከሰዓት 9፡20

የደረስሁበትን ልንገራችሁ ብዬ ተመለስሁ። ፎቶዎቹና ሰነዶቹ ከሰባት ሌሊት ይልቅ አሥራ ስድስት ፈጁ። ሁለት ጊዜ መብራት ጠፍቶ ተቋረጠ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ልጄ ራውተሩን ነቅሎ ስልኩን ቻርጅ ሲያደርግበት አገኘሁት፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ከቆመበት ቀጠለ።

ወረቀቱን እንድሞክረው በተባልሁት መሠረት እኅቴ ዘንድ የላክሁትን ገጽ ይዛ በእርሷ ላፕቶፕ እንድትሠራ አደረግሁ፤ እኔ በስልክ ዝም ብዬ አዳመጥሁ። ሁለተኛው ትእዛዝ ላይ ቆመች፤ የጻፍኋቸው ሁለት ትንንሽ ሰረዞች እንደ አንድ ስለታዩ ነበር። ወረቀቱን በትልቅ ጽሕፈት እንደገና ጻፍሁት። በሁለተኛው ሙከራ የአባዬ ፎልደር ወረደላት፤ የመጀመሪያውን ሰነድ ስትከፍተው «ይህ ምንድን ነው፣ የቁራ ጽሕፈት» አለችኝ። ፎንቱ ከጎኑ መኖሩን ነገርኋት፤ ጫነችውና ለጥቂት ጊዜ ድምፅ አልነበረም፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ገጽ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች፣ እኔም አላቋረጥኋትም።

ዲስኩ በደህና ደርሷል። ከ260ው ጊጋባይት 61 ቀርቷል፤ እኅቴ ማታ ማታ ከሥራ ስትመለስ ብቻ ስለምትከፍተው እንጂ እስካሁን ባለቀ ነበር።